ስለ አሮጌ መኪና ድምፅና ስለ ውስጥ ልብሷ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ አገር ፍቅር ብዙ መልካም ነገር ስለ ተናገሩ፣ ለእኔ የተረፈልኝ ከፍ ያለ አርእስት የለም። ስለዚህ ጥቂት ዝቅ ብዬ፣ ከወንበር በታችና ከጣሪያ ጨርቅ በላይ ስላለው ነገር እንድናገር ይፈቀድልኝ። የምናገረውም እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ተሠራች አንዲት ቮልስዋገን ነው። ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ለአሮጌ መኪና የተሻለ ድምፅ ለመስጠት ሲፈለግ፣ አካሏን ሳንቆርጥና እሳት ሳናስነሣባት እንዴት ይደረጋል?

ስለ አሮጌ መኪና በተነሣ ቁጥር ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሯ ነው። «ሞተሯ ደኅና ነው ወይ? ዘይት ትበላለች ወይ?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ሞተሩን ዘወትር የሚያየው መካኒኩ ሲሆን፣ ባለቤቱ ዕድሜውን ሙሉ የሚዳስሰው መሪውን፣ የበሩን እጀታና የወንበሩን ልብስ ነው፤ ዓይኑ የሚያርፈው በዳሽቦርዱ ላይ ነው፤ ጆሮው የሚሰማው ራዲዮውን ነው። መኪናይቱን «የእኔ» የሚያሰኙት እነዚህ ናቸው። ሆኖም ለዕድሳት የተመደበው ገንዘብ በሞተርና በቀለም ካለቀ በኋላ፣ የውስጡ ሥራ ለተገኘው ሰው በተገኘው ዋጋ ይሰጣል። ብዙው ጥፋት የሚደርሰውም በዚሁ ጊዜ ነው።

ሕዝቡ ባጭሩ ቮልስ የሚላት ይህች መኪና በፈርዲናንድ ፖርሽ መሪነት በጀርመን አገር ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የታቀደች ናት። እ.ኤ.አ. የካቲት 17 ቀን 1972 ቁጥሯ 15,007,034 ደርሶ የፎርድን ሞዴል ቲ በለጠች። የመጨረሻይቱ ቮልስ በሜክሲኮ አገር በፑዌብላ ከተማ የተሠራችው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2003 ሲሆን፣ በጠቅላላው የተሠሩት 21,529,464 ናቸው። ይህን ያህል ብዛት ስላላት መለዋወጫዋ በዓለም ላይ ዛሬም ይገኛል። የእኛ አገር ነገር ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥታችን በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ በእጃችን ያለችው አሮጌ መኪና አንድ ጊዜ ከተቆራረጠች በኋላ እሷን የመሰለች ሌላ ማስመጣት አይቻልም።

አያቴ ይህችን መኪና የገዙት በ1963 ዓ.ም. በመምህርነት ሥራ ላይ ሳሉ፣ ወደ አገሩ ይመለስ ከነበረ አንድ የውጭ አገር መምህር እጅ ነው። ዛሬ ጆሯቸው ደክሞ በመስሚያ መሣሪያ ይረዳሉ። ዕድሳቱ በተጀመረ ጊዜ ለእኛ ለልጅ ልጆቻቸው የሰጡን ትእዛዝ ሁለት ብቻ ነበር። «ዜናውን ቁጭ ብዬ ልስማበት፤ መኪናዬን ግን አትብሷት» አሉን።

በአሜሪካ የሚኖሩት አጎቴ ይህን ሰምተው፣ አባታቸውን ለማስደሰት ሲሉ ሰፊ መስታወት ያለው ዘመናዊ ራዲዮ ላኩልን። ስጦታው ከመልካም ልብ የመጣ ነው። ነገር ግን የዛሬ መኪና ራዲዮ ትንሹ እንኳ 180 ሚሊ ሜትር ስፋትና 50 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ክፍት ቦታ የሚፈልግ ሲሆን፣ ባለ መስታወቱ ቁመቱ የዚያ እጥፍ ነው። በቮልሷ ዳሽቦርድ ላይ የተተወው ስፍራ ግን ከዚህ ያነሰ፣ በግራና በቀኝ ሁለት መዘውሮች የሚወጡበት ጠባብ ቀዳዳ ነው። ዳሽቦርዱም ፕላስቲክ ሳይሆን ቀለም የተቀባ፣ ከመኪናይቱ አካል ጋር የተያያዘ ላሜራ ነው። ያሳየንበት ሱቅ ሠራተኛ «ምን ችግር አለው? በአንድ ሰዓት ቆርጠን እናስገባዋለን» አለን። እውነቱን ነው፤ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። የተቆረጠውን ላሜራ መልሶ በየዶ ቀለሙን እንደ ነበረ ማድረግ ግን የስንት ቀን ሥራ እንደ ሆነ ብረት ሠራተኛ ወላጆች ያላችሁ ታውቃላችሁ። አጎቴም የዳሽቦርዱን ፎቶግራፍ በስልክ ባዩ ጊዜ አሳባቸውን ለወጡ፤ ራዲዮው ለአባቴ መኪና ሆነ።

እዚህ ላይ ስለ መኪና ራዲዮ ታሪክ ጥቂት ልናገር። በአሜሪካ የጋልቪን ወንድማማቾች በመኪና የሚገባ ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1930 ለገበያ አውጥተው ሞቶሮላ አሉት። በጀርመን አገር ብላውፑንክት እ.ኤ.አ. በ1932 ያወጣው የመኪና ራዲዮ 15 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር። ይህን ያህል የከበደበት ምክንያት በመስታወት ቱቦዎች ይሠራ ስለ ነበረ ነው። ቱቦዎቹ ከፍተኛ ቮልት ስለሚሹ፣ የባትሪውን ጥቂት ቮልት የሚያሳድግ ተንቀጥቃጭ መሣሪያና ትራንስፎርመር ያስፈልጋቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 በቤል ቤተ ሙከራ ትራንዚስተር ተፈለሰፈ፤ በ1955ም ፊልኮና ክራይዝለር በትራንዚስተር ብቻ የሚሠራ የመኪና ራዲዮ አወጡ። ያ ተንቀጥቃጭ መሣሪያ ከዚያ ወዲህ ሥራ ፈታ። ነገር ግን ጥቂት ታገሡኝ፤ በእኛ መኪና ውስጥ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል።

የዚያን ዘመን ቮልስ ባትሪ 6 ቮልት ብቻ ነው። የዛሬ የድምፅ መሣሪያ ሁሉ 12 ቮልት ይፈልጋል። በፊዚክስ ትምህርት እንደ ተማርነው፣ ኀይል ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። ሁለቱ የፊት መብራቶች እያንዳንዳቸው 45 ዋት ቢሆኑ በአንድነት 90 ዋት፣ በ6 ቮልት ሲካፈል 15 አምፔር ይወስዳሉ። ዲናሞው በሙሉ ጉልበቱ የሚሰጠው 180 ዋት ወይም 30 አምፔር ነው። እንግዲህ መብራት ሲበራ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ከተማ ውስጥ በተሽከርካሪ ሰልፍ መካከል ሞተሩ በዝግታ ሲዞርማ ዲናሞው ባትሪውን አይሞላም ማለት ይቻላል። እንዲህ ባለች መኪና ላይ እንደ ሙዚቃ ቤት የሚጮህ መሣሪያ መጫን በአንድ ጀሪካን ውኃ መንደር ለማጠጣት እንደ ማሰብ ነው።

መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው መኪናይቱን በሙሉ ወደ 12 ቮልት መለወጥ ነው፤ ይኸውም ባትሪውን፣ ዲናሞውን ከመቈጣጠሪያው ጋር፣ ቦቢናውን፣ አምፖሎቹን ሁሉና የዝናብ መጥረጊያውን ሞተር ይነካል። ማታ ማታ ሩቅ መንገድ ለሚነዳ ሰው የምመክረው ይህን ነው፤ መብራቱም ይጠነክርለታልና። አያቴ ግን ከመሸ አይነዱም። ስለዚህ የመረጥነው ሁለተኛውን መንገድ፣ 6 ቮልትን ለራዲዮው ብቻ ወደ 12 ቮልት የሚያሳድግ ትንሽ መለወጫ ማስገባትን ነው። ቀድሞ የነገርኋችሁ ተንቀጥቃጭ መሣሪያ የልጅ ልጅ ይህ ነው።

መለወጫው የት ይቀመጥ? ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ክርክር ያስነሣው ይህ ነበር። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለ ሆነ እስከ ዳሽቦርዱ ድረስ 4 ሜትር ያህል ሽቦ ይሄዳል። ውፍረቱ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ በ4 ሜትር ርዝመት 0.07 ኦም ገደማ ይቃወማል። መሣሪያችን በ12 ቮልት 3 አምፔር ቢፈልግ፣ በ6 ቮልት በኩል ከብክነቱ ጋር 7 አምፔር ገደማ ይሆናል። መለወጫው ከፊት ቢሆን በሽቦው ላይ ግማሽ ቮልት ያህል ይጠፋል፤ ይህም ከስድስቱ ላይ ነው። መለወጫው ከባትሪው አጠገብ ሆኖ 12 ቮልቱ ቢጓዝ ግን የሚጠፋው 0.2 ቮልት ብቻ፣ ያውም ከአሥራ ሁለቱ ላይ ነው። ስለዚህ ከባትሪው ባሻገር በወንበሩ ሥር በሌላው ጎን፣ የአሲድ ትነት በማይደርስበት ስፍራ አሰርነው። ፊውዙንም ከባትሪው በአንድ ስንዝር ርቀት ላይ አደረግነው። ፊውዝ በራዲዮው ጀርባ ብቻ ከሆነ፣ መሐል መንገድ ላይ ለተላጠው ሽቦ ምንም አይጠቅመውም።

አሁን ወላጆች በተለይ እንዲያዳምጡኝ የምለምነው ነገር ላይ ደርሻለሁ። በቮልስ የኋላ ወንበር ውስጥ የብረት ሞላዎች አሉ፤ በሞላዎቹ ላይ ያለው ሙሌት የኮኮናት ቃጫና የእንስሳ ፀጉር ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ ሙሌቱ እንደ ገለባ ደርቋል፤ ሞላዎቹም ረግበዋል። ከሥር ያለው የባትሪ መክደኛ ከጠፋ ሦስት ጎልማሶች ከኋላ ሲቀመጡ ሞላው ወርዶ የባትሪውን ሁለት ጫፎች ሊነካና ሊያገናኝ ይችላል። ያን ጊዜ ሽቦው ይግላል፤ ቃጫውም ይቀጣጠላል፤ እሳቱም የሚነሣው ከተሳፋሪዎቹ በታች ነው። በቮልስ ባለቤቶች ዘንድ በዓለም ሁሉ የታወቀ አደጋ ነው። የአያቴን ወንበር ባነሣን ጊዜ መክደኛው አልነበረም። ከየትኛው የባትሪ ለውጥ ጀምሮ እንደ ጠፋ የሚያውቅ የለም፤ እኔና እኅቶቼ ግን በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጠን አድገናል። መክደኛውን ሳንመልስና የወንበሩን ሥር በወፍራም ጎማ ሳንሸፍን ስለ ሙዚቃ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። በቤታችሁ ቮልስ ያላችሁ ዛሬ ማታ ወንበሩን አንሥታችሁ ተመልከቱ።

ወደ ድምፁ ልመለስ። በሶማሌ ተራ ከብዙ ፍለጋ በኋላ ፊቱና መዘውሮቹ ደኅና የሆኑ፣ ውስጡ ግን ተነቅሎ ያለቀ የዚያን ዘመን ራዲዮ አገኘን። በባዶው ሆድ ውስጥ ኤፍ ኤም የሚቀበልና ከስልክም በብሉቱዝ የሚያገኘውን የሚያሰማ ትንሽ ማጉያ አስገባንበት። የግራው መዘውር ድምፅ ይጨምራል፤ የቀኙም ጣቢያ ይፈልጋል፤ ልክ እንደ ጥንቱ። ራዲዮው በሕይወት ቢሆን ኖሮ ሆዱን አልከፍትም ነበር፤ የሚሠራ አሮጌ ራዲዮ ማፍረስ ከዳሽቦርድ መቁረጥ የሚሻል አይመስለኝም። ይሁን እንጂ አያቴ በወጣትነታቸው ያዳምጡት የነበረው ብሥራተ ወንጌል ራዲዮ እ.ኤ.አ. በ1963 ተከፍቶ በ1977 ያበቃ ነው፤ ዛሬ የሚፈልጉት ዜና ያለው በ97.1ና በ102.1 ኤፍ ኤም ነው።

ድምፅ ማጉያዎቹን ሰው ሁሉ በበሩ ላይ ይሰቅላል። እኛ አላደረግነውም። የቮልስ በር ውኃ ያስገባል፤ ይህም ጉድለት ሳይሆን አሠራሩ ነው። ዝናቡ በመስኮቱ ጎማ በኩል ወደ በሩ ሆድ ወርዶ በታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። በወረቀት የተሠራ ድምፅ ማጉያ በዚያ ቢገባ ሁለት ክረምት አይቈይም። አንዱን ትንሽ ማጉያ ከፍጥነት መለኪያው አጠገብ ፋብሪካው ራሱ ካዘጋጀው ወንፊት ጀርባ አስቀመጥነው፤ የዜና አንባቢው ድምፅ ከዚያ ይመጣል። ለሰው ንግግር ትልቅ ማጉያ አያስፈልግም፤ ስልክ እንኳ ዘመኑን ሁሉ ከ300 እስከ 3,400 ኸርዝ ባለው ድምፅ ብቻ አነጋግሮናል። ለሙዚቃው ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለው የዕቃ ጉድጓድ ልክ አንድ ሣጥን ሠርተን ሁለት ማጉያ አደረግንበት። ሣጥኑ በሁለት ቀበቶ የታሰረ ነው፤ የተበሳ ነገር የለም።

በመጀመሪያ ስንከፍተው ከዜናው ይልቅ ሞተሩ ይሰማ ነበር። ካንዴላ በእሳት ፍንጣሪው የራዲዮ ሞገድ ይረጫል፤ ሞተሩ ሲፈጥን «ትር ትር» የሚለው ድምፅም አብሮ ይፈጥናል። ተቃዋሚ ያለበት የካንዴላ ቆብ ስናደርግና የመለወጫውን ቤት በቆርቆሮ ሸፍነን ከመኪናይቱ አካል ጋር ስናገናኘው ጸጥ አለ። የአንቴናው ሥር ዝጎ ስለ ነበር እሱንም ፈገፈግነው።

ሌላው ጩኸት ግን በሽቦ የሚፈታ አልሆነም። የቮልስ ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝና ከኋላ ያለ ስለ ሆነ ጩኸቱ በቀጥታ ወደ ተሳፋሪው ይገባል። ጓደኞቼ «ማጉያውን ጨምረው» አሉኝ። ነገር ግን የማጉያው ኀይል በእጥፍ ቢጨምር ድምፁ ከፍ የሚለው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ለጆሯችን እጥፍ የሆነ እንዲመስለን ኀይሉ ወደ አሥር እጥፍ መድረስ አለበት። በ6 ቮልት መኪና ይህ የማይሞከር ነው። በሌላ በኩል ከኋላ ወንበር ጀርባና ከምንጣፉ ሥር ፋብሪካው ያደረገው ቅጥራን የተቀባ ካርቶንና የቃጫ ስሜት ጨርቅ ከጊዜ ብዛት ተቦጫጭቆ ነበር። የድምፁ ሥራና የልብሱ ሥራ አንድ መሆኑ የገባን በዚህ ጊዜ ነው። የኋላውን ግድግዳ አዲስ ቅጥራን ለብሶ፣ በላዩ ወፍራም ስሜት ጨርቅ፣ በላዩም ምንጣፍ ባለበሰነው ማግስት፣ ማጉያው ሳይነካ አያቴ መዘውሩን ወደ ታች መለሱት። እኔ ከሥራችን ሁሉ የምኮራው በዚህ ነው፤ አንድም ሰው ግን አያየውም።

የበሮቹ ገበር የተጨመቀ ካርቶን ላይ ቪኒል የተለጠፈበት ነው። በውስጥ በኩል ውኃ የሚከለክለው ፕላስቲክ ስለ ተቀደደ ካርቶኑ ውኃ ጠጥቶ እንደ ቂጣ ተነፍቶ ነበር። አሮጌውን እንደ ንድፍ አድርገን 3 ሚሊ ሜትር ከሆነ ኮምፔንሳቶ አዲስ ቆረጥን፤ ጀርባውን ቫርኒሽ ቀባነው፤ ፕላስቲኩንም በአዲስ ተካን። ማስቲሽ ሲቀባ በሁለቱም ወገን ቀብቶ እስኪደርቅ ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል፤ የቸኰለ ሰው ገበሩ በመጀመሪያው ፀሐይ ይነሣበታል።

ስለ ወንበሮቹ ቀለም በቤተሰባችን ዘንድ ክርክር ነበር። እናቴ ግራጫ ነበሩ ይላሉ፤ አክስቴ ደግሞ ቡና ዓይነት። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከ2,300 ሜትር በላይ ባለ ከፍታ የሚወርድ ብርቱ ፀሐይ ስለ ሆነ ቪኒልን ያነጣል፤ ዘይቱንም አትንኖ ያሰነጥቀዋል። ልብሱን ሰፊው በፈታ ጊዜ በወንበሩ ሥር ታጥፎ የኖረው ጠርዝ ተገለጠ፤ ጥልቅ የሆነ ቀይ ቡኒ ነበር። ሁለቱም ተረቱ። ሰፊው የድሮውን ልብስ ስፌት በስፌት ፈትቶ እንደ ንድፍ ተጠቀመበት፤ አንዲት ቁራጭ እንዳይጥልም ለምነነው ነበር። የኋላው ወንበር ልብስ ደኅና ስለ ሆነ በለብታ ውኃና በሳሙና ብቻ ታጥቦ ተመለሰ። በቤንዚን አትጠቡ፤ ለጊዜው ያበራል፤ ቈይቶ ግን ይፈረካከሳል።

የቀረን የጣሪያው ጨርቅ ነው። ይህ ከሁሉ የሚከብድ ሥራ ነው። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነጭ ቪኒል በቀጫጭን የብረት ቀስቶች ላይ ተንጠልጥሎ ጠርዙ በመስታወቶቹ ጎማ ሥር ይገባል። ስለዚህ አስቀድሞ የፊቱም የኋላውም መስታወት መውጣት አለበት። የሠለጠነ ሰው ፀሐይ ባለበት ቀን፣ ቪኒሉ ሲለሰልስ፣ ከመሐል ጀምሮ ወደ ጠርዝ እየሳበ ይወጥረዋል። እኛ ለመሞከር አልደፈርንም። ዋጋው ተጠይቆ ገንዘቡ እየተጠራቀመ ነው፤ እስከዚያው ድረስ አያቴ የተቀደደውን ስፍራ በራሳቸው እጅ በነጭ ክር ሰፍተውታል፤ ስፌቱ ባያምርም ይዟል።

መኪናይቱ ዛሬ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ በጥላው ሥር ቆማለች። ከበዓሉ በኋላ ልታዩአት የምትፈልጉ ሁሉ ትችላላችሁ፤ የኋላው ወንበር ተነሥቶ ባትሪውና መክደኛው እንዲታይ አድርገናል። የቆረጥነው ስለሌለ አሮጌዎቹን ገበሮች፣ የተበላሸውን የራዲዮ ሆድና የወጣውን ሽቦ ሁሉ ጽሕፈት ለጥፈንባቸው በሣጥን አስቀምጠናል። ሞተሩ ስለማይሠራ ግን ራዲዮውን ከግማሽ ሰዓት በላይ እንዳትከፍቱት እለምናለሁ፤ ባትሪው 6 ቮልት ነው፤ አያቴም ማታ በእሷ ይመለሳሉ።